ራሱን በየደቂቃው ስለሚፈልገው የእድራችን መዝገብ

እሑድ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3፡00 የተጠራው ስብሰባ 3፡50 ላይ አሰላ በሚገኘው የዳገት ሰፈር እድር ቤት ተጀመረ። ከአምስቱ የኮሚቴ አባላት አራቱ በመገኘታቸው ምልአተ ጉባኤው ተሟልቷል።

የተገኙ፦
1. አቶ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ሰብሳቢ
2. አቶ ይበልጣል፣ ንብረት ክፍል
3. ወ/ሮ ዙሀራ፣ አባል
4. ወ/ሮ በቀለች፣ ጸሐፊ

ያልተገኙ፦ አቶ ፈቃደ፤ አባታቸውን ሊያስታምሙ ሳጉሬ ሄደዋል።

በእንግድነት፦ ወ/ሮ ነቢላ፣ የጎረቤት ፎቶ ቤት ባለቤት፤ የኢንተርኔት መስመር ከእድሩ ጋር ይጋራሉ።

አጀንዳ 1፦ የወ/ሮ ነቢላ አቤቱታ

ወ/ሮ ነቢላ እንዳስረዱት፣ የእድሩ የአባላት መዝገብ ፕሮግራም የተገዛው አንድ ሆኖ ሳለ በሰብሳቢውም በአቶ ይበልጣልም ኮምፒውተር ላይ ተጭኗል። ፕሮግራሙ እንዳይገለበጥ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ፣ "የእኔን የፈቃድ ቁጥር የያዘ ሌላ አለ?" እያለ መስመሩ ላይ ያለውን ሁሉ ያለማቋረጥ ይጠይቃል። "ማተሚያዬን ሳይቀር ይጠይቃል፣ ጋሼ! መስመሩን ሞልቶት የሙሽሮች ፎቶ መላክ ካቃተኝ ሳምንቴ ነው" ብለዋል።

ሰብሳቢው ማን እንደገለበጠው እንደማይታወቅ ገለጹ። አቶ ይበልጣል ገልባጩ ፍላሹን ከካፖርት ኪሱ ሲያወጣ ማየታቸውን፣ ካፖርቱም አሁን ከሰብሳቢው ወንበር ላይ መሰቀሉን አስታወሱ።

ወደ ሙከራ ተገባ። ሰብሳቢው ፕሮግራሙን ሲከፍቱ የአቶ ይበልጣል ተዘጋ፤ አቶ ይበልጣል ሲከፍቱ የሰብሳቢው ተዘጋ። "አንተ ዝጋ!" "እርስዎ ይዝጉ!" በመባባል አርባ ደቂቃ አለፈ።

ወ/ሮ ዙሀራ "ወላሂ፣ የሚያምነው ሰው ቢያገኝ ያርፍ ነበር፤ ዋስ እንጥራለት" ሲሉ ሐሳብ አቀረቡ። ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ፕሮግራሙ ብቻውን መሆኑን ሁለት ሽማግሌዎች የሚመሰክሩበት ማኅተም ያለው ደብዳቤ በሁለቱም ኮምፒውተሮች ላይ እንዲለጠፍ ተወሰነ። ሁለት ቦታ መለጠፉ ምስክርነቱን አያፈርሰውም ወይ የሚለው ጥያቄ በይደር ታለፈ። ደብዳቤው ወዲያው ተለጥፏል።

አጀንዳ 2፦ የእጅ መዝገቡ

ሰብሳቢው፣ ጸሐፊዋ ፊደል የቆጠሩት በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው በመሆኑ ጽሕፈታቸው "ደብተራ ካልፈታው የማይነበብ" ስለሆነ፣ በእጅ የተጻፈው የአባላት ደብተር ሣጥን ውስጥ እንዲቆለፍ፣ ጸሐፊዋም እንዲያርፉ ጠየቁ። ጸሐፊዋ የሰብሳቢው እናት ያረፉ ጊዜ ሰፈሩ የተጠራው ከዚሁ ደብተር መሆኑን አስታወሱ። ሰብሳቢው "እሱ ሌላ ጉዳይ ነው" አሉ። ወ/ሮ ዙሀራ "እኔስ አዝኜልዎት ነው፣ እትዬ በቀለች" እያሉ እጃቸውን አወጡ። በሦስት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ጸደቀ፤ ደብተሩም ተቆለፈበት።

ጸሐፊዋ ተቃውሟቸው እንዲመዘገብ ጠየቁ። ሰብሳቢው አይመዘገብም አሉ። አይመዘገብም ማለታቸው ተመዝግቧል።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

አቶ ፈቃደ ከሳጉሬ ደውለው አባታቸው ማረፋቸውን፣ ቀብሩም ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት እዚሁ አሰላ መሆኑን አስታወቁ። "ሰው ጥሩልኝ፤ አባቴን ብቻዬን ልቅበር?" ብለዋል።

የአባላቱን ስልክና የድንኳን ተረኞችን ለማወቅ ፕሮግራሙ በሁለቱም ኮምፒውተሮች ተከፈተ። በሁለቱም ተዘጋ፤ ከዚያ ወዲያ በአንዱ ብቻ ሲሞከርም አልከፈት አለ። ሰብሳቢው የደብዳቤውን ማኅተም ለፕሮግራሙ በጣታቸው አሳዩት። ለውጥ አልታየም።

ሰብሳቢው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሣጥኑ እንዲከፈት አዘዙ። "እትዬ በቀለች፣ እባክዎ ያንብቡልን" አሉ። ጸሐፊዋ መነጽራቸውን ጠርገው እስኪጨርሱ ተጠበቁ። ሰማንያ ስድስቱም ቤት በስልክ ተጠራ። ሁሉም አንድ ጊዜ "አቤት" አለ፤ ማንም አንተ ነህ ወይ ተብሎ ሁለተኛ አልተጠየቀም።

ውሳኔ

በአጀንዳ 1 እና 2 የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ደብዳቤው ይቀደድ፤ ፕሮግራሙ ከሁለቱም ኮምፒውተሮች ይጥፋ፤ ደብተሩና ጸሐፊዋ ወደ ቦታቸው ይመለሱ።

ድንኳኑ መውጣት ስላለበት ስብሰባው 6፡20 ላይ ተበተነ። ሰብሳቢው የዚህ ቃለ ጉባኤ ግልባጭ እንዲሰጣቸው ጠይቀዋል። ያለው አንድ ብቻ መሆኑ ተነግሯቸዋል።