ሩዝ ቀቅዬ አራስ የሆንኩበት ቅዳሜ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ሩዝ አቅጥኖ ቀቅሎ ለመጠጣት የግድ መውለድ ያስፈልጋል? ይህን ጥያቄ ለዓመታት ይዤው ዞሬያለሁ። የምጠይቀው ሰው አጥቼ አይደለም፤ አፍሬ ነው። እኔ ዳቦ ቤት ገብቼ ዳቦ መጠየቅ የሚያሳፍረኝ ሰው ነኝ።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ደሴ፣ እናቴ ቤት የተመለስኩ ሰሞን ነው። ዘመኑ ደርግ፣ ሩዙ ከቀበሌ ሱቅ። አንድ የኮምቦልቻ ዱቄት ነጋዴ ሽማግሌ ልላክ አለ። እናቴም ምን ትያለሽ አለችኝ። ሰውዬውን አልፈልገውም፤ ግን ይህን በየትኛው አፌ ልበል? ዝም አልኩ። እሷም እሑድ ይምጡ አለችና አጎቴን ልታመጣ ቅዳሜ ማለዳ ኩታበር ሄደች።

ከጭንቀቱ የተነሣ እንጀራ አልወርድ አለኝ። ያኔ ቤተ መጻሕፍት ያየሁት የቻይና መጽሔት ትዝ አለኝ። ቻይናዎች ሩዙን በብዙ ውሃ እስኪፈርስ ይቀቅሉና ዝንጅብል፣ ካሮትና ጎመን ከትፈው ይጨምሩበታል። የሚበሉት ደግሞ ለቁርስ ነው! ደህና ሆነው! እኛ ዘንድ እንዲህ ያለውን ቀጭን ነገር የሚጠጣው ወይ በሽተኛ ነው ወይ አራስ። እኔ ግን የተማርኩ ነኝ፤ ይሄ እንዴት ትዝ ይበለኝ?

አንድ ጭብጥ የማትሞላ ሩዝ ጣልኩ። አበጠች። ድስቱን ሞልታ መገንፈል ጀመረች። ሮጬ ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ዘንድ ሄድኩና ትልቅ ድስትና ዝንጅብል ለመንኩ።

"ምን ልትሠሪ ነው?" አሉኝ።

"አጥሚት ነገር" አልኩ በሹክሹክታ። ሹክሹክታው ተፈጥሮዬ ነው።

"ለማን?"

"ለራሴ።"

ሆዴን አዩ። ዓይኔን አዩ። ድስቱን ሰጡኝ።

ካሮቱ ሳይበስል እትዬ ዘይነባ ቅቤና ዶሮ ይዘው መጡ። በሩን ከውስጥ ቀረቀሩት። "አብሽሪ የኔ ልጅ፤ አላህ ሰታሪ ነው፣ ይሸፍናል። እንኳን በሰላም ተገላገልሽ!"

"ኧረ አልወለድኩም!"

"እሱን ለቀበሌ ንገሪ። ለኔ ልጁን አሳዪኝ።"

"ልጅ የለም!"

"ገጠር፣ ቢስቲማ ላክሽው? ጎሽ! ብልህ ነሽ።"

ድስቱን ከፍተው ጎመኑን ሲያዩ ደግሞ "ያረቢ! የሚያርስሽ ሰው አጥተሽ ነው እንጂ ለአራስ ጎመን ይሰጣል?" ብለው አለቀሱ።

በዚያን ቀን የሴቶች ስብሰባ ነበር። ስለ መሠረተ ትምህርት ሊወያዩ ተሰብስበው ስለኔ ተወያይተው ወጡ። ለካ መጽሐፍ ይዤ ቤት ተዘግቼ የከረምኩት ሆዴን ስደብቅ ኖሯል! እኔን ክው ያደረገኝ ምን መሰላችሁ? ማንም ክው አለማለቱ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ ወሬ ግን ይገባል።

ወሬው የሐረጎን ዳገት ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ አደረ። ስሜ ጠፋ ብዬ አለቀስኩ፤ በጎን ደግሞ፣ አትፍረዱብኝና፣ ሽማግሌዎቹ ይቀራሉ ብዬ ተጽናናሁ።

መጡ! ያውም እሑድ በጠዋት፣ ከቀጠሮው ሰዓት ቀድመው። እናቴና አጎቴ ከኩታበር ገብተው ገና አረፍ ሳይሉ ሼህ ሰይድ የሚባሉት ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

"ሰምተናል" አሉ። "ልጃችን የፊት ትዳሩ የፈረሰው በልጅ እጦት ነው። የምትወልድ መሆኗ ደስ ብሎታል። ሕፃኑንም እንደ ልጁ ያሳድጋል።"

"የምን ሕፃን?" አለች እናቴ። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወደቀ። አጎቴ ሕፃኑን ፍለጋ ወደ ጓዳው አየ።

ሩዝ ነው፣ ወላሂ ሩዝ ነው ብዬ ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ሼህ ሰይድ እጃቸውን አነሱ።

"ቆይ ልጄ። ልጃገረድ ብትሆኚ ዝምታሽ እሺታሽ ነው፤ አይተንሽ እንሄድ ነበር። የወለደች ሴት ግን በገዛ አፏ ካልተናገረች ኒካህ አናስርም። ትፈልጊዋለሽ ወይስ አትፈልጊውም?"

እውነቱን ብናገር ልጃገረድ እሆናለሁ፤ ልጃገረድ ከሆንኩ ደግሞ እፍረቴ ዝም አሰኝቶ ይድረኛል። እናቴ በዓይኗ ትለምነኛለች፤ "አልወለድኩም በይ!"

"አልፈልገውም" አልኩ፣ እትዬ ዘይነባ ቤት ድረስ በሚሰማ ድምፅ።

አለመውለዴን ደግሞ ሽማግሌዎቹ ኮምቦልቻ ከገቡ በኋላ ልናገር ወሰንኩ።