የክንፍ ወጌሻ

የትም ሰፈር ብትሄዱ፣ የተሰበረ ነገር ሲያይ ፊቱ የሚበራ አንድ ሰው አይጠፋም። በአፉ "ውይ ውይ፣ ምን ነካው?" ይላል፤ ዓይኑ ግን ሰርግ የተጠራ ሰው ዓይን ነው። የእናንተ ሰፈር ሰውዬ ሰዓት ይፈታታ ይሆናል፣ ወይም የጎረቤት ቧንቧ። የዚህኛው ሰፈር ሰውዬ ግን የሚጠግነው ክንፍ ነው። የወፍ አይደለም። ሞተር የሌላቸው፣ በነፋስ ብቻ የሚንሳፈፉ፣ ከመሬት በሪሞት የሚነዱ ትንንሽ አውሮፕላኖች አሉ፤ እሑድ እሑድ ከከተማው ዳር ካለው ኮረብታ ላይ የሚያበሯቸው ትልልቅ ሰዎችም አሉ። አውሮፕላኖቹ ዛፍ ያገኛሉ፣ አጥር ያገኛሉ፣ አንዳንዴም ላም ያገኛሉ። ከዚያ የተረፈው በአንሶላ ተጠቅልሎ ወደ ክቡር ወጌሻ ቤት ይመጣል።

"ወጌሻ" ያሉት የኮረብታው ሰዎች ናቸው፤ እሱም ስሙን ወዶታል። ሚስቱ ግን አትስማማም። "ወጌሻ እኮ አሽቶ ይሸኛል። ይሄ አስተኝቶ ያከርማል!" ትላለች።

እውነቷን ነው። ሰውየው ቀን ቀን ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራ ባለሙያ ነው። አዲሱ ጥርስ ጎረቤቱን መምሰል ስላለበት፣ "ነጭ" የሚባል ነገር ብቻውን አይዋጥለትም። "የትኛው ነጭ?" ይላል። የወተት ነጭ አለ፣ የሻይ ጠጪ ነጭ አለ፣ ፀሐይ የበላው ነጭ አለ። አንድ ክንፍ ጫፉ ተልጦ ቢመጣለት የተላጠውን ይቀባል፤ አዲሱ ቀለም ከአሮጌው ጋር አልገጥም ይላል፤ ስለዚህ ክንፉን በሙሉ ይቀባል፤ አሁን ደግሞ ያኛው ክንፍ አርጅቶ ይታየዋል። አንድ ቀን ጅራቱንም ሊቀባ ብሩሽ ሲያነሳ ሚስቱ "የሰውዬውን መኪናስ አትቀባለትም?" አለችው። እሱ ግን የምሩን አሰበበት።

የቤቱ ሕግ አንድ ነው፤ "እንዳትነኪ፣ ገና አልደረቀም!" የምግብ ጠረጴዛው ላይ ክንፍ ስለሚተኛ ባልና ሚስት ሳህናቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይበላሉ። አቧራ እንዳይነሳ መጥረግ ክልክል ነው፤ አቧራ እንዳይገባ መስኮት መክፈትም ክልክል ነው። ካውያዋም የእሷ አይደለችም። ክንፍ ላይ የሚለጠፈው ስስ ባለቀለም ፕላስቲክ በካውያ እየተተኮሰ ነው የሚወጠረው። በዚህ የተነሳ ሚስትየዋ እህቷ በተመረቀች ዕለት የለበሰችው ነጭ ሸሚዝ ጀርባው ላይ ቀይ መስመር ነበረበት። ለጠየቃት ሁሉ "ፋሽን ነው" ስትል ዋለች።

ጥገናው ሲያልቅ ደግሞ ፈተና አለ። ወጌሻው ክንፉን ለባለንብረቱ ያስረክብና እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ "እስቲ፣ የቱ ጋ ነበር የተሰበረው?" ይላል። ባለንብረቱ በጣቱ እየዳበሰ መፈለግ አለበት፤ ማግኘት ግን የለበትም። "የሚታይ ጥገና ጥገና አይደለም፣ ማስታወቂያ ነው" ብሎ ያምናላ! ከኮረብታው ሰዎች አንዱ የሆነ የአውቶቡስ ሾፌር፣ የዋህ ሰው፣ መጀመሪያ የመጣ ጊዜ "እዚች ጋ አይደለች ጋሼ?" ብሎ ጣቱን ልክ ቦታው ላይ አሳረፈ። ክንፉ እንደገና ተላጠ፤ ሾፌሩም ክረምቱን በሙሉ ሰማይ ሰማይ ሲያይ ከረመ። ከዚያ ወዲህ ሚስትየዋ ደንበኛ ሲመጣ በር ላይ ትጠብቀዋለች። "ከጫፉ ጀምረህ ዳብስ፤ መሐል ላይ ስትደርስ ትንሽ ቆም በል፤ ከዚያ 'አላገኘሁትም' በለው" ብላ በሹክሹክታ ታስጠናዋለች። ሁሉም እንደተባለው ያደርጋል፤ ወጌሻውም ደስ ብሎት ይሸኛል።

የራሱስ አውሮፕላን? አንዲት አለችው እንጂ። መኝታ ቤት ውስጥ፣ ከአልጋው በላይ፣ በሲባጎ ተንጠልጥላለች፤ ረጅም፣ ነጭ፣ የክንፎቿ ጫፍ ብርቱካናማ። ሚስቱ "ጣውንቴ" ትላታለች። ከባዶ ፎምና ከስስ እንጨት ተነስቶ ዓመታት የለፋባት ናት፤ አንድም ቀን ግን በርራ አታውቅም። አንዴ ነፋሱ በዝቷል፣ አንዴ ነፋሱ አንሷል፣ አንዴ ደመናው አላማረውም። እውነቱን ለመናገር፣ ጭረት የማያውቃትን ልጁን ወደ ዛፍና ወደ ላም ለመላክ አንጀቱ አልችል ብሎት ነው። ሚስቱ ደግሞ ማን ይመናት እንጂ፣ ጣውንቷ ስትበር ማየት ነበር ምኞቷ። ያን ያህል ዓመት ጠረጴዛ ያጣችው ለዚህች አይደል? ጨቅጭቃ ጨቅጭቃ በስንት መከራ "በቃ፣ እሑድ" አስባለችው።

ሰኞ ዕለት፣ እሱ ሥራ እንደሄደ፣ ለእሑዷ ሙሽራ አቧራ ላራግፍላት ብላ ወንበር ላይ ወጣች። ከአያያዝ ይቀደዳል እንዲሉ ሲባጎው እጇ ላይ ተበጠሰ። ጣውንቲቱ ጎኗን ሰጥታ ወረደችና ግራ ክንፏ ከአልጋው ራስጌ ጋር ተላተመ።

ሴትዮዋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አየችው። በክንፉ በላይኛው ፊት በኩል መዳፍ የሚያህል ስንጥቅ። የፈራችው ቁጣውን አይደለም፤ ሰውየው በዚህ አይታማም። የፈራችው "ውይ ውይ" ብሎ ዓይኑ ሲበራ ነው። ጠረጴዛው ይያዛል፣ ካውያዋ ትሄዳለች፣ ነጩ ከነጩ አይገጥምም፣ እሑድም የዛሬ ዓመት እሑድ ይሆናል።

"አይሆንም!" አለች ለጣውንቷ። "አንቺማ ትበሪያለሽ።"

እጅጌዋን ሰብስባ ስታየው የኖረችውን ሙያ ጀመረችው። ባሏ እንደሚያደርገው ሁለት ዓይነት ሙጫ ቀላቅላ ስንጥቁን ሞላች፣ ወፍራም መጻሕፍት ጫነችበት። በማግስቱ ስቱኮ ቀባች፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰች፣ ቀለም ነፋችበት። ታየ። ደገመች። አሁንም ታየ። ሠለሰች። ለካ አብሮ መኖር ያጋባል! በየቀኑ እሱ ከመምጣቱ በፊት ሲባጎውን ቋጥራ መልሳ ትሰቅላታለች፤ ቁስሉ ወደ ጣሪያው ስለሆነ ከአልጋ ላይ አይታይም። የቀለም ሽታማ በዚያ ቤት ማን ይጠረጥራል? አንድ ቀን ብቻ እራት ላይ አውራ ጣቷን አየት አድርጎ፣

"ጥፍርሽ ላይ ምንድን ነው?" አላት።

"ዱቄት ነው።"

"ዱቄት" አለና መብላቱን ቀጠለ።

እሑድ ጠዋት ሾፌሩ መኪና ይዞ መጣ። ወጌሻው መኝታ ቤቱን ዘግቶ ትንሽ ቆየና ሙሽራዋን በአንሶላ ጠቅልሎ ወጣ። መንገዱ ላይ ነው ሚስትየዋ የባሏ ስብከት ትዝ ያላት፤ "ቀለም ክብደት አለው። አንዱ ክንፍ ከከበደ አውሮፕላኗ ወደዚያው ተንጋዳ ትወድቃለች።" ያን ሁሉ ቀለም የነፋችው በግራው ብቻ ነው። ቁስሉንማ ደብቃለች፤ አሁን ግን ልጁን በገዛ እጁ ገደል ሊሰድ ነው። ኮረብታው ላይ ሲደርሱ ጉሮሮዋን ጠረገች።

"ስማ እንጂ፣ አንድ ነገር..."

"ቆይ፣ ነፋሱ እንዳያመልጠን" አለና ጣውንቲቱን ወረወራት።

አውሮፕላኗ ዝቅ አለች። ሴትዮዋ ዓይኗን ጨፈነች።

"ኧረ ጋሼ! ኧረ ቀጥ ማለቷ!" ሾፌሩ ሲል ሰማችውና ገለጠች። ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳትል ሸለቆውን አቋርጣ፣ ዞራ፣ ፀሐይ ክንፏ ላይ እያበራ ከራሳቸው በላይ ተመለሰች። ሚስትየዋ አለቀሰች፤ ለጣውንቷ፣ እንባዋን ሳትጠርግ።

ሣሩ ላይ ስታርፍ ሮጣ ያነሳቻት እሷ ናት። ጣቷ ከቀኝ ክንፏ ጫፍ ሥር እብጠት ነገር ነካ። ገልበጥ አድርጋ አየች። ጥርስ ነው። አንድ ሰው ሠራሽ መንጋጋ፣ በቡናማ ፕላስተር፣ ያውም ተጣሞ፣ ተለጥፏል። ባሏ የግራውን ቀለም በቀኝ ጥርስ አመዛዝኖታል። ከዚያ ይልቅ የገረማት ሌላው ነው፤ ስንጥቁ ያለበትን አይቶ፣ ነጩ ከነጩ አለመግጠሙን አይቶ፣ የእሷን ሥራ አልነካውም።

አውሮፕላኗን አስረከበችውና እጇን ወደ ኋላ አጣመረች።

"እስቲ፣ የቱ ጋ ነበር የተሰበረው?"

ወጌሻው ከጫፉ ጀመረ። ጣቱ ቀስ እያለ መጣ፤ መሐል ላይ፣ ማንም መንገደኛ ቆሞ ሊያየው የሚችለው የወተት ነጭ ላይ ሲደርስ፣ ትንሽ ቆም አለ። ከዚያ አለፈው።

"አላገኘሁትም" አለ።

"ውሸታም!"

"ብቻ ዱቄት እንደዚህ ነጭ አይደለም።"

በሳቅ ፈረሱ። ሾፌሩ ምንም ሳይገባው አብሯቸው ሳቀ። ወጌሻው ሳቁን ሳይጨርስ ዓይኑ ጥርሱ ላይ ዐረፈ፤ ያ የተጣመመ ፕላስተር ከሩቅ ይታያል። አመል አይለቅም፤ ጥፍሩን ሰደድ አደረገ።

"ይችንማ ቤት ወስጄ በወጉ ላስተካክላት..."

"እንዳትነካ!" አለች ጣውንቷን ቀምታ ደረቷ ላይ አቅፋ። "ገና አልደረቀም።"