ሰላምታ ያለበት ዕቅድ

ለፎቶ ጉዞ ሲያቅድ ለሰላምታ ሰዓት የሚመድብ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ሮቤ ላይ ሱቅ ያለው ጓደኛዬ ከድር እንዲያ ነው። ባሌ ተራሮች ላይ ካለው የሳነቴ አምባ ወጥተን ቀይ ቀበሮ ልናነሳ ስናቅድ፣ ገና ስለ ካሜራው ሳናወራ «ጠዋቱ የሰላምታ ነው» አለኝ።

«ለቅሶ ልንደርስ ነው እንዴ?» አልኩት።

ደረስን፤ ቀበሮው ከሩቅ ታየ። እኔ ሮጥኩ። ከድር ግን ከብት የሚነዱ አዛውንት አይቶ ቆመ።

«አካም ጂርቱ፣ አባባ? ልጆችዎ ደህና ናቸው? ከብቶቹስ? ዝናቡስ?»

ወይ ትዕግሥት! አዛውንቱ «አልሀምዱሊላሂ» እያሉ ስለ እያንዳንዷ ላም ሲያወሩለት ከብቶቹ ከበቧቸው። ቀበሮው ለካ አይጥ የሚያድነው ከብት መሀል ተደብቆ ኖሯል! ከእኔ ሸሽቶ ወደ ከድር እግር ሥር መጣ።

የእኔ ፎቶ ጭራ ብቻ ነው። የከድር ቀበሮ ግን ቀና ብሎ ያያል፣ ሰላም የሚባልበትን ተራ እንደሚጠብቅ እንግዳ።