ባለጫማ የማትነክስ መኪና

«አንች ልጅ፣ ትምህርት ቤት ያስገቡሽን ሰዎች እግዜር ይይላቸው» አሉኝ አቶ ገሠሠ ፊት ለፊቴ ቆመው። ዳንግላ ውስጥ የምሠራበት ሆቴል ባለቤት ናቸው። ጥፋቴ ስለ አንድ ሽቦ መናገሬ ነበር።

ኤሌክትሪክ ለሰው አያዳላም የሚል ሁሉ ውሸታም ነው፤ የፊዚክስ አስተማሪዬም ጭምር። ያዳላል። ያውም ወደ እግርዎ አይቶ። ካላመኑኝ ይስሙ...

ጢስ ዓባይን ሊያዩ የሚሄዱ ፈረንጅ ባልና ሚስት፣ አልጋና ምድጃ ያላት፣ መስኮቷ ሳይቀር መጋረጃ የለበሰ መኪና ግቢያችን አቆሙ። ከሆቴሉ ሞተር መብራት ፈለጉ። ገመዳቸው ሦስት ሽቦ አለው፤ የእኛ ሶኬት ሁለት ቀዳዳ። የሆቴሉን መስመር በገዛ እጃቸው የዘረጉት አቶ ገሠሠ ጫፉን ቆርጠው ሁለቱን ሽቦዎች ከሶኬቱ ጋር አገናኙና ሦስተኛውን ትክ ብለው አዩት። ሥራ ፈት አይወዱም። ኃይል ካለው ሽቦ ጋር ጠቀለሉት።

«እሱ እኮ ከመኪናዋ ቆርቆሮ ጋር የታሰረ ነው» አልኳቸው። «ብረት መሬት ውስጥ ቀብረው ከዚያ ጋር ያስሩት። አሮጌ ማረሻም ይበቃል።»

«ማረሻ ቀብሬ ምን ላበቅል ነው?» አሉና ትምህርት ቤት ያስገቡኝን ረገሙ።

ሞተሩ ተነሣ፤ መኪናዋ በራች። ፈረንጆቹ በቦት ጫማቸው ይወጣሉ፣ ይገባሉ፤ ምንም የለም። አቶ ገሠሠ እጀታዋን ይዘው ለእንግዳ ያስጎበኛሉ፤ ምንም የለም። ውኃ ቀጂዋ እትዬ ጥሩ ግን ዝናብ ያራሰው ሣር ላይ በባዶ እግራቸው ቆመው ውኃ ሊያስገቡ የመኪናዋን በር ሲነኩ እሳቸው ወደ ኋላ፣ እንስራው ወደ ድንጋዩ።

«ትናከሳለች» አሉ።

«እኔን ለምን አልነከሰችኝም?» አሉ አቶ ገሠሠ። « ሥራ ጠልተሽ ነው። ሌላ እንስራ አምጭ፤ እሱንም ከሰበርሽ ወደ አገርሽ ወደ ቆሰበር ትመለሻለሽ።»

እትዬ ጥሩ ሦስት ልጆች የሚያሳድጉት በዚያ ውኃ ነው። ሁለተኛውን እንስራ አዝለው መጡ። የመኪናዋ በር ፊት ቆምኩ።

«አቶ ገሠሠ፣ መጀመሪያ እርስዎ ጫማዎን አውልቀው ይንኩት።»

በረንዳው ላይ የሚጠጡት ሰዎች ወደ እኛ ዞሩ። አቶ ገሠሠ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ በቀር በሰው ፊት ጫማ አውልቀው አያውቁም።

«ኧረ ተያቸው፣ ብርድ ይመታቸዋል» አለ አንዱ።

ይኸን ጊዜ አወለቁ።

«በእጅዎ ጀርባ» አልኩ። «በመዳፍዎ ከጨበጡት አይለቅዎትም።»

ከሰጠኋቸው ምክር የተቀበሉት ይኸን ብቻ ነው። እውነት ለመናገር፣ ዝላያቸው ያምር ነበር። ማረፊያው ጭቃ ሆነ እንጂ።

ሮጬ ሞተሩን አጠፋሁ፤ ሦስተኛውን ሽቦ ፈታሁት። ስመለስ አቶ ገሠሠ እዚያው ተቀምጠው እጃቸውን ያሻሉ።

«አንች ጥሩ» አሉ ቀስ ብለው፣ «እንስራሽን አውርጅና ሥራሽን ሥሪ። ማንም አያባርርሽም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንችን ግን ነገ እዚህ እንዳላይሽ።»

«እስከ ነገ ምን አስቆየኝ?» አልኩና የክፍሎቹን ቁልፎች አጠገባቸው አስቀምጬ በግቢው በር ወጣሁ።