ከሚካኤል ጥላ ላይ የተቆረጠ

አንድ ነገር ልንገርህ፤ «በሰዓት ነው የምንከፍልህ» የሚልህን ሰው ቶሎ እሺ አትበለው። እኔ ብዬው አይቻለሁ።

ከከተማችን ከቀየት ወጣ ብሎ መንገድ የሚሠራ ድርጅት መጣና ድንጋይ ደርዳሪ ፈለገ። የሰዓቱን ዋጋ ሲነግሩኝ ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። እቤቴ ገብቼ ማስላት ጀመርኩ። ትምህርቴ ከዳዊት አላለፈም፤ ስለዚህ በጸሎት መቁጠሪያዬ ቆጠርኩት። መጀመሪያ የቀኑን ሰዓት፣ ቀጥሎ የወሩን ሠላሳ ቀን፣ አንድም ሳይቀር። በመቁጠሪያ መጨመር እንጂ መቀነስ የት አለ? ብሩ በዛልኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሕዝቡ ፊት ቆሜ፣ በመጀመሪያው ደመወዜ ለሚካኤል አዲስ ጥላ አገባለሁ ብዬ ተሳልኩ። ሴቱ እልል አለ። አሮጌው ጥላ እኮ ተቀዳዶ ታቦቱን ፀሐይ ያገኘው ነበር።

ወሩ ሞላ። ከፋይዋ ልጅ ብሩን ሰጠችኝ። ቆጠርኩት። ደግሜ ቆጠርኩት። «ልጄ፣ የሌላ ሰው ሰጥተሽኝ እንዳይሆን?»

«የእርስዎ ነው አባባ። ግብርና ጡረታ ተቆርጦ ነው።»

ግብሩስ ይሁን፤ የመንግሥት ነው። ጡረታው ግን የምን ነው? ሲያረጁ የሚያገኙት ነው አለችኝ። ታዲያ አሁን አባባ ያለችኝ ምኔን አይታ ነው?

ደግሞ ጉም የወረደባቸው ሰዓቶች አይታሰቡም አለች። የኛን አገር ጉም ታውቀዋለህ፤ የያዝከውን አካፋ ከእጅህ ላይ ይሰውርብሃል። እስኪገልጥ ድረስ ብርዱ አጥንታችን ገብቶ፣ ቆመን ነው የጠበቅነው። መቆም ሥራ አይደለም አትለኝም? ቅዳሴ ቆማ የማታውቅ!

እቤት ገብቼ ግብሩን ስራገም ባለቤቴ በላይነሽ ሰማችኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ በሥላሴ ሠርተሃል?»

«አልሠራሁም።»

«በሚካኤል? በኪዳነ ምሕረት? በማርያም? በበዓለ ወልድ?»

እጄ ወደ መቁጠሪያዬ ሄደ።

«እሑዱንም ጨምርበት። ከግብሩ ይልቅ ያንተ በዓል ነው የበላው።»

«ታዲያ የሚካኤልን ጥላ ለመግዛት በሚካኤል ቀን ድንጋይ ልሸከም?»

«እሱን አላልኩም። መንግሥትን ብቻውን አትርገም ነው ያልኩህ።»

ይኼ ደግሞ ከቆረጡብኝ ብር በላይ አናደደኝ፤ እውነት ነዋ!

ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። ከደመወዙ ያን ያህል ከተቆረጠ፣ ከስለቱም ጥቂት ይቀነስልኝ እንደሆን ብዬ። ሳቁብኝ። «ምነው ልጄ፣ ግማሽ ጥላ ልታገባ ነው?» አሉኝ።

ምን አማራጭ አለኝ? ሙክቴን እየጎተትኩ ገበያ ወጣሁ። ሸጥኩት። ብሩ ከደመወዙ ጋር ሲደመር ለጥላው ልክክ አለ። ተመስገን ብዬ ቋጥሬ ስወጣ፣ መውጫው ላይ ደረሰኝ የያዘ ጎልማሳ አስቆመኝ።

«አባባ፣ የበጉን ግብር።»

ሚካኤልን ልጠራ ቀና ብል፣ ሰማዩ የለም፤ ጉም ወርዷል። ጉም የወረደበት ሰዓት ለሚካኤልም አይታሰብለት ይሆናል ብዬ ከፈልኩ።