ሽፈራው አይቀቀልም

ሻይ የሚያዝ ሐኪም አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኛ ጋምቤላ ውስጥ አንድ አሉን፤ ጋሽ ታደሰ ይባላሉ። ለጉንፋን ዝንጅብል፣ ለሆድ ጦስኝ ያዛሉ። ከርከዴ በቀዝቃዛ ውሃ ተዘፍዝፎ ያድራል እንጂ አይፈላም ብለው ከእኔ ጋር ግማሽ ቀን ተከራክረዋል። እኔ ልሙት፣ ተሸነፍኩ!

ሰሞኑን ግን እኔው ባለሁበት የአሪየት ሻይ ቤት ገቡና ክኒናቸውን ጠረጴዛው ላይ ወረወሩ።

«የግፊት ክኒን በቃኝ! አሪየት፣ ሽፈራው ቀቅዪልኝ!»

አሪየት ደነገጠች። ሽፈራው ማለት ለእሷ ማገዶ የሚያመጣላት ሰው ነው።

«ጋሼ፣ ምን አደረገ? እሱ አቦቦ ሄዷል። ደግሞ እኔ ሰው አልቀቅልም።»

ጋሽ ታደሰ ሽፈራው የዛፍ ስም መሆኑን፣ ቅጠሉ ጥላ ላይ ደርቆ በፈላ ውሃ እንደሚዘጋጅ እየጮሁ አስረዱ። የአንገታቸው ሥር ተገተረ። አሪየት ሥሩን አየችና ክኒኑን ከጠረጴዛው አነሳች።

«ቅጠሉን አመጣለሁ። መጀመሪያ ይሄን ይዋጡ። ካልዋጡ ሻይ የለም።»

«ሳይውጡ እንዳትቀጂላቸው!» አልኩ እኔም።

ታላቁ የሻይ ሐኪም ክኒኑን ዋጡ፤ ያውም በውሃ።

በማግስቱ ሽፈራው ከአቦቦ ሲመለስ ከመቀቀል መትረፉን ነገርነው። ጋሽ ታደሰም ተርፈዋል።