ላሚኔት የተደረገው ታክሲ

በኛ አገር ሰው አንድን ወረቀት መውደዱ የሚታወቀው ላሚኔት ሲያስደርገው ነው። ይህን የምላችሁ ለሐሜት አይደለም፤ ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ ማዶ፣ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሱቅ ከከፈትኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል፤ የምኖረውም በዚሁ ነው። የልደት ካርድ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የስምንተኛ ክፍል ውጤት፣ የመልአክ ሥዕል፣ ሁሉም በማሽኔ አልፎ፣ ፕላስቲክ ለብሶ፣ ትኩስ ሆኖ፣ እያብረቀረቀ ይወጣል። አንድ ጊዜ አንድ አዛውንት የተፈረደባቸውን ውሳኔ ይዘው መጥተው ላሚኔት አድርጊልኝ አሉኝ። ምን ያደርግልዎታል ብላቸው፣ ሰባት ዓመት የተመላለሱበት ወረቀት በዝናብ ሊበሰብስ እንደማይገባው አስረዱኝ። ልክ ናቸው። እናንተስ ብትሆኑ? ቤታችሁ ገብቼ የቁም ሳጥኑን መሳቢያ ብከፍት የሚያብረቀርቅ ነገር የማጣ ይመስላችኋል?

እንግዲህ እኔ ፍቅሬን የምገልጸው በምን እንደሆነ ካወቃችሁ፣ ጥፋቴን መገመት አይከብዳችሁም።

ልጄ ብሌን አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ክረምቱን በሙሉ ኮምፒዩተር ላይ አቀርቅራ ስትከርም፣ እኔ ፊልም የምታይ መስሎኝ ስቆጣ ነበር። ለካ ጨዋታ እየሠራች ኖሯል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ እኔም የገባኝ ሦስት ጊዜ ከተነገረኝ በኋላ ነውና አትደንግጡ። ጠረጴዛ ላይ የመዳፍ ስፋት ያላቸው ወረቀቶች ይቀመጣሉ። በየወረቀቱ ላይ ወፍራም ጥቁር ክፈፍ፣ በውስጡም ጥቁርና ነጭ ካሬዎች ታትመዋል። ለኔ ዓይን ቀለም የጨረሰ ፕሪንተር የተፋው ነገር ነው የሚመስለው። ከላይ ግን፣ በአሮጌ ጃንጥላ ዘንግ ላይ በፕላስተር የታሰረች ትንሽ ካሜራ ቁልቁል ታያቸዋለች። ወደ ስክሪኑ ስትመለከቱ ያው ጠረጴዛችሁ፣ ያው እጃችሁ ይታያል፤ በወረቀቱ ቦታ ግን ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ቆሟል። ወረቀቱን ስትገፉት ታክሲው ይሄዳል፤ ስታዞሩት ይዞራል። ከልደታ ተነስታችሁ ተክለ ሃይማኖት እስክትደርሱ መንገደኛ ትጭናላችሁ። ተጋጣሚያችሁ የትራፊክ ፖሊሷን ወረቀት ፊታችሁ ካስቀመጠ ትቆማላችሁ፤ ትርፍ ጭናችሁ ከተገኛችሁ ወደ ልደታ ትመለሳላችሁ። በመጀመሪያው ቀን አራት ጊዜ ትርፍ ጭኜ ተያዝኩ። ሕግ አክባሪ ነኝ ብዬ ነበር የማስበው።

ካሜራዋ የኛ አይደለችም። ያዋሱን የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤታችን እትዬ ዘምዘም ናቸው። ዛሬ ጨርቅ ይነግዳሉ እንጂ ድሮ ኢንተርኔት ካፌ ነበራቸው፤ ካፌው ሲዘጋ የተረፈቻቸው እሷ ብቻ ናት። ሲሰጡን፣ ከእጃቸው የወጣ ዕቃ ተበላሽቶ እንደማያውቅ ነግረውን ነው። ነጋዴ ናቸውና ይህ ለሳቸው የዋዛ ቃል አይደለም።

የኮንዶሚኒየማችን ነዋሪዎች በወር አንድ እሑድ በጋራ አዳራሻችን እንሰበሰባለን። ብሌን ከስብሰባው በኋላ ጨዋታዋን እንድታሳይ ተፈቀደላት። እኔስ እናት አይደለሁ? ቅዳሜ ሱቅ ገብቼ ወረቀቶቿን አንድ በአንድ ላሚኔት አደረግኳቸው፤ ጠርዛቸውን በመቀስ አሳመርኩ። እሑድ ጠዋት ስሰጣት በደስታ አቀፈችኝ። ለመሞከር ግን ጊዜ አልነበራትም።

አዳራሹ ውስጥ የጣሪያው መብራት በርቷል፣ ሰው ጠረጴዛውን ከቧል፤ ታክሲ የለም። ብሌን ወረቀቱን ታዞራለች፣ ጃንጥላውን ታዘነብላለች። ታክሲው ብልጭ ይልና ተመልሶ ይጠፋል። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ታደለ ዓይናቸውን አጥብበው ካዩ በኋላ ብይን ሰጡ።

«ካሜራዋ ደክማለች።»

እኔም ማንም ሳይጠይቀኝ፣ «ዕቃ መቼም ያረጃል» አልኩ።

እትዬ ዘምዘም ካሜራቸውን ከጃንጥላው ላይ ፈትተው፣ በሻርፓቸው ጫፍ ጠቅልለው ወጡ። በሳምንቱ ነገሩ የደረጃው ተረብ ሆነ፤ ስልኩ የተንቀራፈፈበት ጎረምሳ ሁሉ፣ ምን ላድርግ ጀለሴ፣ የእትዬ ዘምዘም ካሜራ ሆነብኝ ይላል። እሳቸውም እየሰሙ ያልፋሉ።

እውነቱን ያወቅኩት በዚያው ሳምንት ነው። አንድ የጠበቃ ጸሐፊ ሱቄ መጥቶ፣ ገና ላሚኔት ያደረግኩለትን ውክልና በስልኩ ፎቶ ሊያነሳው ሞከረ። አንዴ አነሳ፣ ሁለቴ አነሳ፣ ከዚያ ተማሮ፣ ይሄ ፕላስቲክሽ መብራቱን እየመለሰ ፊደሉን ዋጠብኝ አለኝ። ቤት ሄጄ ከብሌን ወረቀቶች አንዱን ከመብራት ሥር አስቀምጬ በስልኬ አነሳሁት። በጥቁሩ ካሬ ላይ ነጭ ብርሃን ተጋድሞበታል። ሰው ቢሆን ያየዋል፤ ካሜራ ግን ግራ ይገባዋል።

ያን ዕለት ወርጄ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ዘጠኝ ዓመት የኖርኩበት ሙያ በገዛ ልጄ ላይ መዞሩን ማመን ከበደኝ እንበል፤ ይህን ሰበብ ግን እኔም ብዙ አላመንኩትም። በምትኩ እትዬ ዘምዘምን ባገኘኋቸው ቁጥር ከወገቤ እስክቆረጥ እጅ መንሳት ጀመርኩ። ህሊናዬ አላስተኛ ሲለኝ የንግድ ፈቃዳቸውን በነፃ ላሚኔት ላድርግልዎት አልኳቸው። ጥፋቴን በዚያው በጥፋቴ ልክስ! ይቅርብኝ ብለው አለፉ።

ሦስት ሳምንት እንዲህ ከቆየሁ በኋላ ለብሌን ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ ወረቀቱን ወደ መብራቱ አዘንብላ አየችው።

«እማ፣ ለኔማ ወረቀት ነው፤ ደግሜ አትመዋለሁ» አለች። «የተሰደቡት እሳቸው ናቸው።»

ሦስተኛ ፎቅ ወርጄ አንኳኳሁ። በሩ ላይ እንደቆምኩ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ መብራቱን፣ ፕላስቲኩን፣ ያቺን «ዕቃ ያረጃል» ያልኳትን። እትዬ ዘምዘም እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«የብሌን እናት፣» አሉኝ፣ «ስሜ የጠፋው አዳራሽ ውስጥ ነው። እዚህ በር ላይ የምትይው አይሰማኝም።»

በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

የሚቀጥለው የስብሰባ እሑድ ደረሰ። ስብሰባው እንደተከፈተ እጄን አውጥቼ ቆምኩና ሁሉንም፣ ሦስት ሳምንት መደበቄን ጭምር፣ ተናገርኩ። ፍርድ ቤት ደጃፍ ስንት ማመልከቻ የጻፍኩ ሴት፣ ለራሴ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጠፋኝ። ስጨርስ ጋሽ ታደለ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ እሳቸውም ስለ ካሜራ የሚያውቁት ነገር እንደሌለ አስታወቁ። እትዬ ዘምዘም ካሜራዋን ከቦርሳቸው አወጡ፤ ለካ ይዘዋት ነው የመጡት። በገዛ እጃቸው ጃንጥላው ላይ አሰሯት። ብሌን እንደገና ያተመችውን፣ ፕላስቲክ የሌለበትን ወረቀት ስታስቀምጥ ታክሲው ከተፍ አለ። ልጆቹ ጮኹ። እትዬ ዘምዘም የመጀመሪያዋ ተጫዋች ሆኑና ትርፍ ሳይጭኑ ተክለ ሃይማኖት ገቡ፤ እኔን ግን በየመንገዱ በትራፊክ ፖሊስ አስቆሙኝ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። ግን የስብሰባው ቀሪ አጀንዳ የውኃ ታንከሩ ክዳን ነበር፤ ማን እንደሰበረው አልታወቀም። ጋሽ ታደለ የሚያውቅ ይናገር ሲሉ፣ አዳራሹ በሙሉ ዞሮ እኔን አየ። አንድ ጥፋት ያመነ ሰው ለሌላው ሁሉ ተጠርጣሪ እንደሚሆን ያን ጊዜ ተማርኩ። እኔ አይደለሁም ብል ማን ይሰማኛል?

ያተረፉኝ እትዬ ዘምዘም ናቸው።

«ተዋት፣» አሉ ከመቀመጫቸው ሳይነሱ። «እሷ ብትሰብረው ትናገራለች። ሦስት ሳምንት ይፈጅባታል እንጂ ትናገራለች።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሳምንት አልፏል። ጎረቤቶቼ ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ በጣም ደስ በሚል ፊት ሰላም ይሉኛል፤ ቀኑን እየቆጠሩ እንደሆነ አውቃለሁ።